ያነበብነው በጻፍነው ውስጥ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ፤ ደብረ ብርሃን



ይህ መጽሔት የሚዘጋጅበት ወራት በቀረበ ቍጥር በተማሪዎች መካከል አንድ ክርክር ይነሣል። ክርክሩም ልብ ወለድ ታሪክ ጽፈው ለአዘጋጆቹ የሚያቀርቡትን ልጆች የሚመለከት ነው። የአንዱ ታሪክ በክፍል ውስጥ ሲነበብ «ይህማ ሰሞኑን ከያዘው መጽሐፍ የተቀዳ ነው» የሚል ድምፅ ከኋላ ወንበር ይሰማል። ጸሐፊው ያፍርና ወረቀቱን አጥፎ ከደብተሩ መካከል ይሸሽገዋል፤ ሁለተኛም ብዕር ለማንሣት ይፈራል። ይህን ነቀፋ አስቀድመው የሚፈሩ ሌሎች ደግሞ «ድርሰት በምጽፍበት ጊዜ የሰው መጽሐፍ አልከፍትም፤ የሌላ ሰው ድምፅ በጆሮዬ እንዳይቀር» ይላሉ። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት ጕዳይ ይኸው ነው። ሰው ልብ ወለድ በሚጽፍበት ሰሞን በእጁ የያዘው መጽሐፍ በድርሰቱ ላይ ምን ያደርጋል? የሚያደርገውስ ነገር የሚያሳፍር ነውን?

አስተያየቴን በአጭሩ ልናገር። የምናነበው በምንጽፈው ውስጥ ይገባል፤ ይህን ማንም ሊከለክለው አይችልም፤ መከልከልም አያስፈልግም። መዋስ ነውር የለበትም። ነውሩ የተዋሱትን ነገር የራስን አንዳች ሳይጨምሩበት እንደ መጣ ማቅረብና የተዋሱበትንም ቤት መደበቅ ነው። ለዚህ አሳቤ ምስክር የማደርጋቸው ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ ምድር የወጡ ደራስያን ናቸው።

አስቀድመን ነገሩ እንዴት እንደሚሆን እንመልከት። ጎጃም ሁለት ክረምት የከረመ ነጋዴ ወደ ሸዋ ሲመለስ ሳያውቀው አነጋገሩ ተለውጦ ይገኛል። ቤተ ሰቡ ይሥቁበታል፤ እርሱ ግን ለውጡ አይሰማውም። አንባቢም እንደዚሁ ነው። አንድ መጽሐፍ ይዞ የሰነበተ ሰው በዚያ መጽሐፍ አገር የከረመ መንገደኛ ነውና፣ ብዕሩን ሲያነሣ የከረመበት አገር አነጋገር አብሮት ይመጣል።

እኔ እንደሚመስለኝ ንባብ ወደ ድርሰታችን የሚገባው በሦስት በር ነው። የመጀመሪያው በር ዜማ ነው። ረጃጅም ዐረፍተ ነገር የሚወድ ደራሲ አንብበን እንደ ሆነ የእኛም ዐረፍተ ነገር ይረዝማል፤ አጭር አጭር የሚጽፈውን አንብበን እንደ ሆነ የእኛም ያጥራል። ሁለተኛው በር ዕቃ ነው፤ ዕቃ ማለቴም ቦታው፣ የአየሩ ጠባይ፣ ልብሱ፣ ቤቱና የሰዎቹ ስም ነው። ሦስተኛው በር ፈቃድ ነው። ይኸውም «ለካ ስለዚህም መጻፍ ይቻላል!» የሚያሰኘን ነገር ነው። ልብ ወለድ የሚጻፈው ስለ ጀግናና ስለ ባለጸጋ ብቻ ይመስለው የነበረ ልጅ፣ ስለ አንዲት ድኻ ሴት ኑሮ የተጻፈ መጽሐፍ ባነበበ ማግሥት የጎረቤቱን የጠላ ሻጭ ፊት በሌላ ዓይን ያየዋል። ከሦስቱ በሮች አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው፤ በረከት የሚገባው ግን በሦስተኛው ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። በክፍል ሲነበብ የሰማሁት አንድ ታሪክ እንደ ተነደፈ ጥጥ ከሰማይ የሚወርድ በረዶ በሸፈነው ጎዳና ላይ ይጀምር ነበር። የታሪኩ ሰው የካፖርቱን አንገትጌ ሽቅብ አድርጎ በበረዶው ላይ ዱካውን እየተወ ይሄዳል። ጸሐፊው የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለውን ጎዳና ያየው በዚያ ሰሞን ባነበበው የትርጕም መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ነው። ዳሩ ግን ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በጥቅምትና በኅዳር ንጋት ላይ ውርጩ ሜዳውን ነጭ ያደርገዋል፤ ባቄላውንና ገብሱን በአንድ ሌሊት ይፈጀዋል፤ ገበሬውም በማለዳ ወጥቶ ማሳውን ሲያይ የዓመት ቀለቡን ጠቍሮ ያገኘዋል። ያ ባዕድ ደራሲ በረዶውን የገለጸው ከልጅነቱ ጀምሮ ስላየው ነበር። ተማሪው ከእርሱ በረዶውን ከሚዋስ ይልቅ በረዶውን ያየበትን ዓይን ቢዋስ ኖሮ፣ በደጁ ያለውን ውርጭ ጽፎልን ነበር። ዕቃውን ለባለቤቱ ትቶ ዓይኑን መዋስ፤ የነገሩ ሁሉ ቍልፍ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል።

«እንኪያስ ጭራሽ ባናነብ አይሻልምን?» የሚል ወንድም ይኖር ይሆናል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን የማያነብ ተማሪ የለም። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዛሬ አብዝተን የምናነበው ያለፉትን ዓመታት የፈተና ጥያቄዎች ነው፤ ከዚያ የተረፈውንም ጊዜ በስልካችን ላይ በሚመጡ ቍርጥራጭ ጽሑፎች እንፈጀዋለን። ወላጆቻችን ልብ ወለድ ስናነብ ሲያዩ ቢቈጡ አይፈረድባቸውም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ሁሉም ሰምቶታልና። ይሁን እንጂ የፈተና ወረቀትም ንባብ ነው፤ በድርሰታችንም ላይ ምልክቱን ይተዋል። በፈተና ወረቀት ላይ ለአንድ ጥያቄ አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ አለ። እንዲህ ያለውን ብቻ ስናነብ ሰንብተን ታሪክ ስንጽፍ የታሪካችን ሰዎች ሁሉ ወይ «ሀ» ወይ «ለ» ይሆናሉ፤ አንዱ ፍጹም ደግ፣ ሌላው ፍጹም ክፉ። ደግም ክፉም የሆነ፣ አባቱን የሚወድና ከአባቱ የሚሸሽ ሰው በእነርሱ መካከል አይገኝም። ስለዚህ «ስጽፍ አላነብም» ያለ ተማሪ ከንባብ ተጽዕኖ አላመለጠም፤ የትኛው ንባብ እንደሚጫነው መምረጡን ብቻ ትቷል።

አሁን ወደ ምስክሮቼ ልሂድ፤ ከሩቁ ዘመንም ልጀምር። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡትና ከተማችንን ደብረ ብርሃንን የቈረቈሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የመጻሕፍት ወዳጅ ነበሩ። ተአምረ ማርያም በአባታቸው በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተመልሶ ነበር፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ሥርዐት ሠሩ። ከባሕር ማዶ የመጡት ተአምራት በሊቃውንቱ ዘንድ ከተነበቡ በኋላ ምን ሆነ? በኢትዮጵያ ምድር የተደረጉ ተአምራት እየተጻፉ ተጨመሩባቸው። ይህን የምጠቅሰው ቅዱሱን መጽሐፍ ከልብ ወለድ ጋር ለማስተካከል አይደለም፤ አባቶቻችን ከውጭ የመጣ መጽሐፍ ሲያነቡ የገዛ አገራቸውን ነገር ለመጻፍ እንደ ተነሣሡ ለማሳየት ነው። ማንበባቸው አፋቸውን አልዘጋውም፤ ከፈተው እንጂ።

በአማርኛ ልብ ወለድ የሚለውን ስም ያወረሰን አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተሙት መጽሐፍ ነው። ከእርሳቸው በኋላ ልብ ወለድን ወደ ፊት ካራመዱት ሰዎች አንዱ የእኛው አገር ሰው፣ በ1870 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ከደራሲነታቸው በፊት አንባቢ ነበሩ። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ቈጥረው ዝርዝራቸውን አሳትመዋል፤ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚደክምበት ሰው መጻሕፍትን ምን ያህል እንደሚወድ መገመት አያስቸግርም። በዚያም ዘመን እንግሊዛዊው ጆን በንያን የክርስቲያንን ሕይወት በአንድ መንገደኛ ጕዞ መስሎ የጻፈው መጽሐፍ ወደ አማርኛ ተተርጕሞ ነበር። ኅሩይ በ1915 ዓ.ም. የሰውን ጠባይና ኑሮ በምሳሌ የሚገልጸውን «ወዳጄ ልቤ» የተባለውን መጽሐፍ ባወጡ ጊዜ የበንያን አካሄድ እንደ ታየበት የሥነ ጽሑፍ ታሪክ አጥኚዎች ይናገራሉ።

ነገር ግን ብላቴን ጌታ በዚያ አልቆሙም። በ1923 ዓ.ም. «የልብ አሳብ» የተባለውን የብርሃኔንና የጽዮን ሞገሳን ጋብቻ ታሪክ፣ በ1925 ዓ.ም. ደግሞ «አዲስ ዓለም»ን አሳተሙ። በመጀመሪያው ያለ ዕድሜ ስለሚደረግ ጋብቻ፣ በሁለተኛው አወቀ የተባለ ወጣት በአውሮፓ ተምሮ ሲመለስ ከአገሩ ልማድ ጋር ስለ መጋጨቱ ጻፉ። እነዚህ ነገሮች በበንያን መጽሐፍ ውስጥ የሉም፤ በየቤታችንና በየደጃችን ያሉ ነገሮች ናቸው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ከመዋስ ጀመሩ፤ ዐሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ግን የራሳቸውን አገር ጕዳይ ወደ መጻፍ ደረሱ። «ወዳጄ ልቤ»ን በጻፉ ጊዜ አንድ ተሣላቂ ከኋላ ወንበር ሆኖ «ይህማ የበንያን ነው» ብሎ ብዕራቸውን ቢያስጥላቸው ኖሮ ቀጣዮቹን መጻሕፍት አናገኛቸውም ነበር።

ንባብ ከእኛም ወደ ሌላው ዓለም ተሻግሮ ልብ ወለድ አስጽፏል። በ17ኛው መቶ ዓመት በኢትዮጵያ የኖረው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮም ሎቦ ስለ አገራችን የጻፈውን የጕዞ ታሪክ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ከፈረንሳይኛ ተርጕሞ በ1735 እ.ኤ.አ. አሳተመው። ከ24 ዓመት በኋላ፣ በ1759፣ ያው ጆንሰን ራስ ሴላስ ስለ ተባለ የኢትዮጵያ መስፍን ልብ ወለድ ጻፈ። መስፍኑ በተራሮች በተከበበ ያማረ ሸለቆ ውስጥ ተድላ ሳይጐድልበት ተዘግቶ ይኖራል፤ ኋላም ደስታ የት እንደሚገኝ ለመፈለግ ከዚያ ያመልጣል። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ ስላላየ ሸለቆው የእኛን አገር አይመስልም። ይህም ያ ተማሪ የጻፈው በረዶ የሚገኝበት ወገን ነው ልንል እንችላለን። ይሁን እንጂ መጽሐፉ እስከ ዛሬ ሳይረሳ የኖረው በሸለቆው አይደለም፤ ጆንሰን ከራሱ ልብ ባወጣው ጥያቄ ነው። ስለዚህ አንድ ድርሰት እንዲኖር ቢያንስ አንድ ነገሩ የጸሐፊው የራሱ መሆን አለበት፤ ወይ ቦታው፣ ወይ ጥያቄው። ይህን መጽሐፍ በኋላ ወደ አማርኛ የመለሱት ደግሞ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ አቶ ሲራክ ኅሩይ መሆናቸው ደስ ያሰኛል።

አንኮበር የሸዋ መናገሻ በነበረችበት ዘመን በአቅራቢያዋ ባለው በጎንቾ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ወንድሞች ታስረው ይኖሩ ነበር። ያ ቦታ የጆንሰን ያማረ ሸለቆ አልነበረም፤ እስር ቤት ነበር። የንጉሥ ልጅ ሆኖ ተወልዶ በንጉሥ ልጅነቱ ምክንያት ብቻ የታሰረ ሰው ሌሊቱን ምን ያስብ ነበር? የጆንሰንን መጽሐፍ አንብቦ ወደ ጎንቾ የሚመለከት አንድ የአንኮበር ተማሪ፣ እንግሊዛዊው ሊጽፈው የማይችለውን ታሪክ ሊጽፍ ይችላል።

ሌሎችም አሉ። በ1876 ዓ.ም. በሲያደብር የተወለዱት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የተማሩ ናቸው። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በፈረንሳዊው በላ ፎንቴን ተረቶች ላይ ተመሥርተው «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር ተብሎ የሚታወቀውን ሥራ ጻፉ። ተረቱ ባዕድ ነው፤ የተነካው ግን የአዲስ አበባው ሹም ነበር። አውሬዎቹ በተናገሩት ነገር መኳንንቱ ስለ ተቈጡ ቴአትሩ ታገደ። የሌላ አገር ተረት ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ማን ይቈጣ ነበር? በመንዝ የተወለዱት ከበደ ሚካኤልም በፈረንሳይኛ ያነበቡትን ተረት በአማርኛ ግጥም እንደ ገና ፈጥረው «ታሪክና ምሳሌ» በሚለው መጽሐፋቸው ለተማሪ ሁሉ አደረሱ፤ ሼክስፒርን አንብበውም «ሮሚዮና ዡልየት»ን በአማርኛ አቀረቡ። ብዙ ወላጆቻችን እነዚያን ምሳሌዎች በቃላቸው የሚያውቋቸው እንደ ራሳቸው አገር ተረት ነው። የመንዝ በግ የሚግጠው ሣር ነው፤ ለጌታው የሚሰጠው ግን በርኖስና ዝተት የሚሠራበትን ጠጕር ነው። የበላው ሣር ከጠጕሩ ውስጥ ተለይቶ አይታይም፤ ያለ ሣሩ ግን ጠጕሩ አይኖርም።

የመጨረሻው የአገራችን ምስክር ዳኛቸው ወርቁ ናቸው። ዳኛቸው የደብረ ሲና ልጅ ናቸው። በ1962 ዓ.ም. ያወጡት «አደፍርስ» የተባለው ልብ ወለድ ከቀደሙት የአማርኛ ልብ ወለዶች የተለየ ነው። ታሪኩ በአንድ ቀጥ ያለ መንገድ አይሄድም፤ የሰዎች ንግግር፣ ክርክርና አሳብ ይበዛበታል። በዚያ አጻጻፍ ውስጥ የምዕራቡ ዓለም ዘመናውያን ደራስያን ጥበብ እንደሚታይ ሐያስያን ይናገራሉ። ቦታው ግን የት ነው? ደብረ ሲናና አካባቢዋ ናት። አነጋገሩስ? የዚያው አገር ሰው አነጋገር ነው፤ አንዳንዱን ቃል የአዲስ አበባ አንባቢ እስኪቸገርበት ድረስ። አሠራሩን ከሩቅ፣ አፈሩንና ቃሉን ከደጃቸው ወሰዱ። በ1973 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ አሳተሙ፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» የተባለውን መጽሐፍ ለእኛ ለጀማሪዎች አበረከቱ።

እስካሁን የጠቀስኋቸው ያነበቡትን ወደው የጻፉ ናቸው። ያነበቡትን ጠልቶ መጻፍም አለ። ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ ተማሪ በነበረበት ጊዜ ጆይስ ኬሪ የተባለው የውጭ ሰው ስለ ናይጄሪያ የጻፈውን ልብ ወለድ እንዲያነብ ተሰጠው። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት የገዛ አገሩ ሰዎች እርሱ የሚያውቃቸውን ሰዎች አልመሰሉትም። እርሱም የሕዝቡን ኑሮ ከውስጥ ሆኖ የሚያሳየውን መጽሐፍ በ1958 እ.ኤ.አ. አሳተመ፤ ያም መጽሐፍ ዛሬ በዓለም ሁሉ ይነበባል። ስለዚህ በእጃችን ያለው መጽሐፍ ሲያስቈጣን መወርወር የለብንም፤ ምናልባት የምንጽፈው ታሪክ የሚወለደው ከዚያ ቍጣ ይሆናል።

ይህ ሁሉ ለአገራችን ትምህርት እንግዳ አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ የሌሎችን ቅኔ ሳይሰማ ቅኔ አይቈጥርም። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲወጣ ጆሮው በመምህሩ ዜማና በአበው ምሥጢር የተሞላ ነው። ነገር ግን በጉባኤ ፊት የሌላውን ቅኔ እንደ ራሱ አድርጎ ቢያቀርብ ይዋረዳል፤ ቅኔ በየጊዜው አዲስ መሆን አለበትና። ቅኔ ማቅረብ በአማርኛ «መዝረፍ» መባሉም ያስደንቀኛል። ዘራፊው በጉባኤ መካከል ቆሞ ሁሉ እየሰማው ይዘርፋል፤ ከማን እንደ ተማረም ሁሉ ያውቃል። «የእገሌ ተማሪ ነኝ» ማለት በቅኔ ቤት ክብር ነው። በእኛ ክፍል ግን «የእገሌን መጽሐፍ እያነበብሁ ነው የጻፍሁት» ማለት ነውር ሆኗል።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀቴ ልምጣ። በ2014 ዓ.ም. በኅዳር ወር ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወደ ደብረ ብርሃን መጣ። ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖችም በከተማችን መጠለያዎች ተቀምጠዋል። ከልጆቻቸው መካከል ከእኛ ጋር በአንድ ወንበር የተማሩ አሉ። ከእነዚህ አንዷ እናቷ ታናሽ ወንድሟን አዝላ የመጣችበትን መንገድ ልትጽፍ ብትቀመጥ ምን ይረዳታል? በዚያ ሰሞን ያነበበችው የመኪና እሽቅድምድምና የጥይት ተኵስ የሞላበት ታሪክ ብቻ ከሆነ፣ የእናቷ መንገድ ሳታውቀው እንደ ፊልም ይሆንባታል፤ እናቷም ብታነበው አታውቀውም። ምንም አላነብም ብላ እንደ ሆነ ደግሞ ሐዘኑን የምትይዝበት ዕቃ ታጣለች፤ «ይህ አይጻፍም» ብላ ትተወዋለች። ስደትንና የእናትን ዝምታ በእርጋታ የጻፈ አንድ ደራሲ በእጇ ቢገባ ግን፣ ያ ደራሲ የሩቅ አገር ሰው ቢሆን እንኳ፣ ፈቃድ ይሰጣታል። እኛ ካልጻፍነው ይህን የሚጽፍልን ማነው? ሌላ ሰው ከሩቅ ሆኖ ይጽፈዋል፤ እንደ ጆንሰን ሸለቆም የእኛን አገር ሳይመስል ይቀራል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፤ ለዚህ መጽሔት ልብ ወለድ የሚያቀርብ ተማሪ ሁሉ ከታሪኩ ሥር በአንድ መስመር ያን ታሪክ ሲጽፍ ምን ያነብ እንደ ነበር ይግለጽ። ይህ ቅጣት ሳይሆን ልማድ ይሁን። የተዋሰበትን ቤት በግልጽ የተናገረን ሰው «ቀዳህ» ብሎ ለመሣለቅ ምክንያት አይኖርም፤ አንባቢም ጸሐፊው የራሱን ምን እንደ ጨመረ ለይቶ ያያል። አንድን ገጽ ቃል በቃል ገልብጦ የሚያመጣውን ግን ይህ አያድነውም፤ እርሱ ኩረጃ ነው፤ ስሙም አይለወጥም።

ሁለተኛ፤ ጓደኞቼ ሆይ፣ በምንጽፍበት ሰሞን አንድ መጽሐፍ ብቻ አንያዝ፤ ሁለት እንያዝ። አንዱ ከሩቅ አገር የመጣ፣ ሌላው ከቅርብ የተጻፈ ይሁን። አንድ ድምፅ ብቻ የሚሰማ ሰው ያንኑ ይደግማል፤ ሁለት የተለያዩ ድምፆችን የሚሰማ ግን በመካከላቸው ለራሱ ድምፅ ቦታ ያገኛል። ሦስተኛም መጽሐፍ አለን፤ እርሱም አያቶቻችን በምድጃ ዳር የሚነግሩን፣ ገና በወረቀት ያልሰፈረው ነው። እርሱን ለማንበብ ገንዘብ አያስፈልግም፤ ስልክ አስቀምጦ መቀመጥ ይበቃል።

ሦስተኛ፤ ክቡራን መምህራኖቻችን በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንዲት መደርደሪያ ለሰሜን ሸዋ ደራስያን እንዲለዩልን እለምናለሁ። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ ከበደ ሚካኤልና ዳኛቸው ወርቁ በአንድነት ቢቀመጡ፣ ከመርሐ ቤቴ፣ ከሲያደብር፣ ከመንዝና ከደብረ ሲና ደራሲ ከወጣ ከእኛም መካከል ሊወጣ እንደሚችል ዓይናችን እያየ ያምናል። ወላጆቻችንም ልጃቸው ከፈተና ጥያቄው መካከል በሳምንት ጥቂት ሰዓት ልብ ወለድ ሲያነብ ቢያዩት ይታገሡት። የሌላውን ሰው ልብ መረዳት በትምህርት ቤት ሌላ የትም ክፍል አይሰጥምና።

እንግዲህ ከኋላ ወንበር የሚመጣውን ሣቅ አንፍራ። «ከማን ተማርህ?» ብለው ቢጠይቁን ስሙን እንናገር፤ «የአንተስ የቱ ነው?» ብለው ቢጠይቁን ደግሞ ጣታችንን ወደ ውርጩ፣ ወደ ጎንቾ፣ ወደዚያችም እናት መንገድ እንዘርጋ። ሁለቱን ጥያቄዎች ያለ ኀፍረት መመለስ የሚችል ተማሪ የሌላውን መጽሐፍ እያነበበ የራሱን ይጽፋል።